በብረት የተወጉት ሃያ ሁለቱ

በእኔ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ቡና ላይ ተሰብስበው የልጅነት ጨዋታ ሲያነሱ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ሁሉም አሸናፊ ነበሩ። አንዱ በጆተኒ ሰፈሩን ሁሉ አስለቅሷል። ሌላው በፕሌስቴሽን ጎል ሳይገባበት ሙሉ ክረምት አሳልፏል። ሦስተኛው በኖኪያ ስልክ ላይ ያችን እባብ አብልቶ አብልቶ መዞሪያ አሳጥቷታል። ተሸናፊ የሚባል ፍጥረት በዚያ ዘመን ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አልተወለደም። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሻምፒዮን ማንን ነበር የሚያሸንፈው?» ብዬ ልጠይቅ አስብና ጨዋታው እንዳይበላሽ ዝም እላለሁ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብዛኞቻችን ቆመን ነው ያየነው። አንድ ጆተኒ ላይ ሁለት፣ ሲበዛ አራት ልጆች ይጫወታሉ። ዙሪያውን ደግሞ ኪሳቸው ባዶ፣ አፋቸው ግን ሙሉ የሆነ ልጆች ተደርድረው ይቆማሉ። ስለዚህ ዛሬ ስለዚያ ጨዋታ ከሚተርኩልን መሐል ብዙዎቹ ከቆሙት ወገን መሆናቸው የሂሳብ ጉዳይ ነው። ስለ ተጫዋቾቹ ጀግንነት የሚያወራ ሞልቷል፤ እኔ የማወራው ስለ ቆምነው ነው።

ላልደረሰበት አንባቢ ጆተኒን ላስተዋውቅ። አራት እግር ያለው የእንጨት ሣጥን ነው። ስምንት ብረቶች ከጎን ወደ ጎን ያቋርጡታል። በብረቶቹ ላይ 22 ሰዎች ተሰክተዋል፤ ለየቡድኑ አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ አምስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ። ሁለት ተከላካይ ብቻ ይዞ ሜዳ የሚገባ አሰልጣኝ ዛሬ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም፤ ጆተኒ ግን አሰላለፉን ቀይሮ አያውቅም። ፍኖተ ሰላም እኛ ሰፈር የነበረው አንደኛው ቡድን ቀይ፣ ሌላው ቢጫ ተቀብቶ ነበር። ቀለሙ ሲላጥ ግን ሁለቱም የእንጨት መልክ ያዙና ወገናቸው የሚለየው በዞሩበት አቅጣጫ ብቻ ሆነ። ከአማካዮቹ አንዱ ጭንቅላት አልነበረውም። ጎል ከሁሉም አብልጦ የሚያገባው ደግሞ እሱ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሰፈሩ ተከራክሮ አልጨረሰም።

ሌላው ዓለም ልጅነቱን ሲናፍቅ ስለ ፒንቦል ያወራል፤ መስታወት የለበሰ፣ አምፖሉ የሚብለጨለጭ፣ ብረት ኳሷ እየተላተመች የምትንደረደርበት ሣጥን። ከዚያ በኋላ የመጡትንም ያነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓን ውስጥ የተሠራውን ስፔስ ኢንቬደርስ፣ በ1980 የተከተለውን እየዞረ የሚውጠውን ክብ ፓክማን። እነዚህ ሁሉ መብራት ይፈልጋሉ። ጆተኒ ግን የሚፈልገው ትንሽ ደልዳላ መሬትና እግሩ ሥር የሚሸጎጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። መብራት ቢጠፋ አይሰማም። ዝናብ ቢመጣ ላስቲክ ይለብሳል። የከተማው ሹም «ከዚህ አንሱ» ቢል አራት ልጆች ተሸክመውት ማዶ ይሻገራሉ። ምዕራብ ጎጃም ለምን የጆተኒ አገር ሆነ ብሎ ጥናት የሚያስፈልገው ሰው ካለ ይሄው መልሱ።

ማን እንደፈለሰፈው ፈረንጆቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ሃሮልድ ቶርንተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ስፔኖቹ ደግሞ «የእኛው ገጣሚ አሌሃንድሮ ፊኒስቴሬ ነው የሠራው» ይላሉ። እሱ እንደሚለው፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ማድሪድ ላይ በቦምብ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ እግራቸው የተጎዳ ልጆች ኳስ መጫወት አቅቷቸው ሌላውን ሲያዩ ተመለከተና ነገሩ ያኔ ታሰበው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 አስመዘገበው። ቀዳሚው እንግሊዛዊው እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል። እኔ ግን ከገጣሚው ጋር ነኝ። ቆመው ለሚያዩ ልጆች ታስቦ የተሠራ ዕቃ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ዙሪያውን ቆሞ የሚያይ ልጅ ቢያገኝ ምን ይገርማል?

የእኛ ከተማ ባለ ጆተኒዎች የንግድ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ቦታ መምረጥ ግን ይችሉበታል። መናኸሪያው አጠገብ አንድ። ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ አንድ፤ ቫንዳም እስኪጀምር የሚጠብቀው ልጅ እዚያ ነው የሚውለው። ከሁሉም የተራቀቀው ግን ወፍጮ ቤቱ ጎን የቆመው ነበር። አስቡት፤ ቅዳሜ ጧት የሰፈሩ እናት ሁሉ ልጇን እህል አሸክማ ትልካለች። ልጁ ጆንያውን ሰልፍ ያሲዛል። ከእሱ በፊት የተደረደረው ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን አለው፤ እጁ ላይ ደግሞ የማስፈጫ ሳንቲም። ባለ ጆተኒው ከዚያ በላይ ምን ይመኛል?

ጣጣው የሚመጣው ወፍጮው ሲጣራ ነው። ባለ ወፍጮው ተራ የደረሰውን ልጅ በስም አይጠራም፤ በእህሉ ነው የሚጠራው። «ባለ ጤፍ!» ይላል። ባለ ጤፉ ግን አማካዩን እያንቀሳቀሰ ነው፤ ወይም፣ እንደ እኔ ከሆነ፣ የሰው አማካይ ሲንቀሳቀስ እያየ ነው። ተራው ያልፍና በቆሎ ይገባል፤ ከበቆሎው ቀጥሎ በግርግር ጤፉ ይሰለቃል። ሊጡ ቦክቶ ሲጋገር እናት እንጀራውን ገልበጥ አድርጋ ታያለች፤ ዓይኑ ያልወጣ፣ ቢጫ ቢጫ የሚል። «ምነዋ ልጄ፣ ይሄ ጤፍ ከማን ጋር ተጋብቶ መጣ?» ትላለች። እንጀራ እንደዚያ ሲመሰክር ሌላ ምስክር አይጠራም።

ተጫዋቾቹ ግን እንጀራው እስኪጋገር እንኳ አይቆዩም ነበር። ብረቶቹ እንዳይጮኹ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ስለሚቀቡ የተጫወተ ልጅ መዳፉ ጥቁር ነው። እናት በሩ ላይ «እስቲ እጅህን» ትላለች፤ በቃ፣ ያልቃል። የቆምነው እጃችን ንጹሕ ነው። ከጆተኒ ሲመለስ በእናቱ ፊት በድፍረት እጁን የሚዘረጋ ተመልካች ብቻ ነው። በዚያ ላይ ያልከፈለ ሰው ነው።

ስለ ክፍያ ካነሳሁ ሕጉን ልንገራችሁ፤ ተሸናፊ ይከፍላል። በእኛ ጊዜ አንድ ጨዋታ ስሙኒ ነበር። የሚችል ልጅ ያለ ምንም ሳንቲም ጧት ገብቶ ማታ ይወጣል። የማይችል ልጅ የቤቱን ሽንኩርትና ዘይት እዚያ አፍስሶ ይሄዳል። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ የማይችልም፣ ሳንቲም የሌለውም፣ ግን ወኔ ያለው። እንዲህ ያለው ልጅ ሲሸነፍ ያለው አማራጭ እግሩ ብቻ ስለሆነ ባለ ጆተኒው አስቀድሞ መያዣ ይቀበላል። መያዣው ጫማ ነው፤ ያውም የአንድ እግር ብቻ። ሁለቱን ቢወስድ ልጁ በባዶ እግሩ ሮጦ ሊቀር ይችላል፤ በአንድ ኮንጎ ጫማ እያነከሰ እናቱ ፊት የሚቀርብ ልጅ ግን የለም። የእኔ ትውልድ ስለ ዋስትና ሕግ የሚያውቀውን የተማረው እዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ፖንግ የተባለው የመጀመሪያው ዝነኛ የቪዲዮ ጨዋታ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሙከራ ሲቆም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሥራ አቆመ፤ ሠሪው ሄዶ ሲከፍተው የሳንቲም መቀበያው ሞልቶ ፈስሶ አገኘው ይባላል። የእኛ ባለ ጆተኒ እንዲህ ያለ በሽታ አጋጥሞት አያውቅም። የእሱ ሣጥን የሚሞላው በጫማ ነው።

አሁን ወደ ተመልካቹ ልመለስ። የውጭ ሰው ሲያየን ሁላችንም እንዲሁ የቆምን እንመስለዋለን። ማዕረግ ግን ነበረን። ከታች ያለው ኳስ አቀባይ ነው፤ ኳሷ ከሣጥኑ ተፈናጥራ ስትወጣ ከአህያ እግር ሥር፣ ከቦይ ውስጥ፣ ከበርበሬ ነጋዴዋ ምንጣፍ ላይ አንስቶ የሚያመጣ። ደመወዙ ባለ ጆተኒው ምሳ እየበላ ሳለ ብረቶቹን ለብቻው ማንቀሳቀስ ነው። ከሱ ከፍ ያለው ዳኛ ነው። ብረት ማሽከርከር ክልክል ስለሆነ «ዞሯል!» «አልዞረም!» የሚለው ክርክር ያለ ዳኛ አይፈታም፤ ዳኛ የሚሆነው ደግሞ ሕግ የሚያውቀው ሳይሆን ቁመቱ የረዘመው ነው። አማካሪ የሚባለው ከተጫዋቹ ጀርባ ቆሞ «በግራ! በግራ አልኩህ!» የሚል ነው። ተጫዋቹ ሲያሸንፍ «አልነገርኩህም?» ይላል፤ ሲሸነፍ «መቼ ሰማኸኝ?» ይላል። ይህ ሰው አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ ብዙዎቹን ግን ቢሮ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ።

የሁሉ ቁንጮ ተራ ያዡ ነበር። ሳንቲም የለውም፤ ግን ገና ጎሕ ሲቀድ ይመጣና ጠጠሩን የሣጥኑ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። ጠጠሩ ተራው ነው። ረፋድ ላይ ሳንቲም ያለው ልጅ መጥቶ ሰልፉን ሲያይ ተራ ያዡ በቀስታ ይጠጋዋል። «ተራዬን ውሰደው፤ በረኛውን እኔ ልያዝልህ።» እንዲህ እያለ በሰው ሳንቲም ለዓመታት በረኛ ሆኖ የኖረ ልጅ አውቃለሁ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ስሙኒ ሳያወጣ የበረኝነት ልምድ ያካበተ ከሱ በቀር አልነበረም።

ገበያ ቀን ደግሞ የገጠር ተመልካች ይጨመራል። አጎቴ ከጃቢ ጠህናን ገጠር ነው የሚመጣው፤ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ። ፍኖተ ሰላምን ድሮ በምትጠራበት ስሟ «ወጀት» ነው የሚላት፤ እስከ መጨረሻው አልተዋትም። መጀመሪያ ጆተኒ ያየ ቀን አህያውን ይዞ አጠገቤ ቆመና ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተ።

«ምን አጥፍተው ነው?» አለኝ።

«እነማን?»

«እነዚህ በብረት የተወጉት።»

ጨዋታ መሆኑን፣ ኳስ መሆኑን፣ እነዚያ ተጫዋቾች መሆናቸውን አስረዳሁት። «ሃያ ሁለት ነፍስ በብረት ወግቶ ጨዋታ!» ብሎ አማተበ። ግን አልሄደም። ትንሽ ቆይቶ ዱላውን ተደግፎ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ትንሽ ቆይቶ «ያ ቢጫው ተኝቷል እንዴ?» አለ። ከዚያ በኋላ አጎቴን የሚያስቆመው ጠፋ፤ «አንተ ልጅ! ከኋላ ያለውን ሰውዬ አዙረው! ኧረ በሞቴ፣ አዙረው!» እያለ ዱላውን ሲወዘውዝ አማካሪዎቹ ራሳቸው ቦታ ለቀቁለት። አህያው በበኩሉ የበርበሬ ነጋዴዋን ምንጣፍ እየጎበኘ ነበር። ያን ቀን ገበያ ምን እንደገዛ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ግን ከተማ በመጣ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ፣ «እነዚያ ሰዎች አልተፈቱም?» ነበር።

ላስብበት ስቀመጥ አጎቴ ቶሎ የገባው አይገርመኝም። የገጠር ሰው ተመልካችነትን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። ለገና በዓል ሜዳ ላይ ወጣቱ ሩሩን በዱላ ሲያላጋ ሽማግሌው ዳር ቆሞ ነው የሚጫወተው። ገበጣም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ሰዎች ጉድጓዱ ላይ ያጎነብሳሉ፣ አምስት ሰዎች ጠጠሩን ይቆጥሩላቸዋል፣ አንዱ ደግሞ ከሁለቱም ቀድሞ ያሸንፋል።

ቡሬ ግን ሌላ ዓለም ነበረች። ከፍኖተ ሰላም 30 ኪሎ ሜትር አትሞላም፤ በጆተኒ ዓይን ግን ውጭ አገር ናት። ምክንያቱ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው አስፋልትና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ የሚለያዩት ቡሬ ላይ ነው። ስለዚህ የቡሬ ልጅ የሚጋጠመው ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከወለጋ ከመጣ የጭነት መኪና ረዳት ጋር፣ ጎማ እስኪለጠፍ ከሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሾፌር ጋር ነው። ረዳት ደግሞ በየከተማው ተሸንፎ በየከተማው የተማረ ተጫዋች ነው። አክስቴ ቤት ክረምት ስሄድ እዚያ ቆሜ ያየሁትን ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ሳወራ የሚያምነኝ አልነበረም። ኳሷን በተከላካይ ብረት ይዞ አቁሞ፣ ተጋጣሚውን ስለ ቤተሰቡ ጤና ጠይቆ፣ መልሱን ሲሰማ ጎል የሚያገባ ሰው አይቻለሁ።

የሕጉ ነገር ግን አስቸጋሪ ነበር። ቡሬ ውስጥ በአማካይ የገባ ጎል አይቆጠርም ይላሉ። እኛ ዘንድ ይቆጠራል። የፍኖተ ሰላም ልጅ ቡሬ ሄዶ በዚያ ጭንቅላት በሌለው ሰውዬ የለመደውን ጎል ሲያገባ «አይቆጠርም» ይሉታል፤ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። ሁለቱን ከተሞች የሚያስታርቅ ፍርድ ቤት ቢቋቋም ኖሮ መቀመጫው መሐል መንገድ ላይ ያለችው ማንኩሳ ትሆን ነበር። ማንኩሳን አንባቢ ያውቃታል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የተወለደባት ናት። በዛብህ በእኛ ዘመን ማንኩሳ ላይ አድጎ ቢሆን ዲማ መድረሱን እጠራጠራለሁ። መያዣ የሰጠውን ጫማ ሳያስመልስ የት ይሄዳል?

ታላላቆቻችን ጆተኒን አልወደዱትም። ቁማር ነው አሉ። ትምህርት ያስጥላል አሉ። ከትምህርት ቤት አጥር ይራቅ፣ ይነሳ፣ ይታገድ ተባለ፤ ተነስቶም ያውቃል። ያኔ የጎጃም ሽማግሌ ብቻ እንዲህ የሚጨክን መስሎኝ ነበር። ለካስ ኒውዮርክ ብሶ ኖሯል! እ.ኤ.አ. በ1942 ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ፒንቦል ቁማር ነው፣ የተማሪ ሳንቲም ይዘርፋል ብለው አስከለከሉት። ፖሊስ ማሽኖቹን ከየሱቁ ለቀመ፤ ከንቲባው መዶሻ አንስተው ሲሰባብሩ ፎቶ ተነሡ። እገዳው 34 ዓመት ቆየ። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የሚባል ጸሐፊ ጨዋታው ዕድል ሳይሆን ችሎታ መሆኑን እንዲያስረዳ ምክር ቤት ተጠራ። የምክር ቤቱ ሰዎች ጠርጣራ ናቸው፤ የተዘጋጀበትን ትተህ ሌላኛው ማሽን ላይ ተጫወት አሉት። እሱም ኳሷ በየትኛው መስመር እንደምትገባ አስቀድሞ ተናገረና ሳባት፤ በተናገረው መስመር ገባች። እገዳው ተነሣ።

ይህን ሳነብ የተሰማኝ ቅሬታ አንድ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የእኛ ሰፈር ተመልካች አልነበረም። ቢኖር ኖሮ «ዕድል ነው! ይደገም!» ይል ነበርና ፒንቦል ኒውዮርክ ውስጥ እስከ ዛሬ እንደተከለከለ ይቀር ነበር።

የእኛው ፒንቦልም ነበረን፤ ስሙን ሳናውቅ። አሮጌ ሣንቃ ላይ ሚስማር ትበታትናለህ። ግርጌው ላይ ከብስክሌት ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ ትወጥራለህ። ሣንቃውን ድንጋይ ላይ አጋድመህ ብዩን በላስቲኩ ታስፈነጥራለህ፤ ወደ ላይ ወጥቶ በሚስማሮቹ መሐል እየተላተመ ይወርድና ቁጥር ከተጻፈባቸው ጉድጓዶች አንዱ ውስጥ ይገባል። ፈረንጆቹም የጀመሩት በዚሁ ነው፤ በሚስማርና በኳስ። ኳሷን መልሰው የሚመቱት ክንፎች የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። እኛ ክንፍ አልነበረንም፤ ጉልበት ነበረን። ብዩ ወደ ዜሮ ሲያመራ ሣንቃውን በጉልበት ነካ ማድረግ። በእነሱ ማሽን ላይ እንዲህ ስታደርግ ጨዋታውን ወዲያው የሚዘጋ መሣሪያ ውስጡ ተገጥሟል። በእኛ ላይ ደግሞ አጠገብህ የቆሙት ልጆች ተገጥመዋል፤ እነሱ የሚዘጉት በኩርኩም ነው።

ከዚያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ፕሌስቴሽን መጣ። ሁለተኛው ፕሌስቴሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ አዲስ ዕቃ ነበር፤ እኛ ጋ እስኪደርስ ግን ስንት እጅ እንደዞረ ከአካሉ ላይ ይነበባል። የጭቃ ቤት፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር። አግዳሚው የእኛ ነው። ከዚያ ሆነን አድሪያኖ የሚባለውን የኢንተር ሚላን አጥቂ አወቅን። ስለ ጣሊያን ሌላ የምናውቀው አባቶቻችን የነገሩንን ነው፤ አድሪያኖ በግራ እግሩ ከመሐል ሜዳ ሲመታ ግን በረኛው ከነኳሱ መረቡ ውስጥ እንደሚገባ እናውቃለን። ኢንተርን ቀድሞ የመረጠ ልጅ ግማሹን አሸንፏል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ኢንተር የመረጠ ጭማሪ ሂሳብ ይክፈል ብሎ ነበር፤ አግዳሚው ተቃወመ። ልብ በሉ፤ ከፋዮቹ አይደሉም የተቃወሙት። ያልከፈልነው ነን።

ከአግዳሚው ጫፍ ላይ አንድ ሕፃን ይቀመጥ ነበር፤ የተጫዋቹ ታናሽ ወንድም። እንዳያለቅስ ገመዱ ያልተሰካ ጆይስቲክ ይሰጡታል። ያን ይዞ እስከ ማታ ይጫወታል፤ ሲያገባ ይጮኻል፣ ሲገባበት ጆሮውን ይይዛል። ወንድሙ ከተሸነፈ ጥፋቱ የእሱ ነው ተብሎ ይገሠጻል፤ እሱም ይቀበላል። እንደሱ በሙሉ ልቡ የተጫወተ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የመብራት ነገር ከመጣ ደግሞ አግዳሚው ወደ ችሎት ይለወጣል። ጨዋታው 3 ለ 1 ሆኖ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ድንገት ቤቱ ይጨልማል። ማን ይክፈል? እየመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል። እየተመራ የነበረው «ገና አድሪያኖን አልነካሁትም» ይላል። ባለቤቱ «መብራት ኃይልን ክሰሱ፤ እኔ ሂሳቤን» ይላል። በጨለማው ውስጥ ምስክር የሚሰማው ከአግዳሚው ነው፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረ፣ ኳሷ በማን እግር ላይ እንደነበረች፣ መብራቱ ከመሄዱ በፊት ብልጭ ያለው ከቅጣት ምቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ። ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ሁለቱም እኩል እንዲከፍሉ ነው። በዚያች ቤት ውስጥ ከተሰጡት ፍርዶች ይግባኝ የተባለበት አላስታውስም፤ ምክንያቱም ዳኞቹ ጥቅም የሌላቸው ነበሩ። ስሙኒም አልነበራቸውም።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ስሄድ የወንድሜ ልጅ ስልኩ ላይ ይጫወታል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሚባለው ኩባንያ የሠራትን፣ ከአባራሪዋ የምታመልጠውን ዶሮ፣ «ኩኩሉ»ን አውርዶ ነበር። የአገር ልጅ የሠራው መሆኑ ደስ አለኝና ላይለት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ተጠጋሁ። ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈና «ጋሼ፣ ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። መልእክቱን የማነብበት መስሎታል። «ዶሮዋን ልይ ብዬ ነው» ብለው ጭራሽ ባሰበት፤ ስልኬን ተቀብሎ በነፃ ጫነልኝ። «የራስህን ተጫወት» አለኝ። ከስንት ዓመት ልምድ በኋላ ከሥራ ተባረርኩ።

ጆተኒው ግን አልጠፋም፤ ዛሬም በየከተማው መንገድ ዳር ቆሟል፣ ልጆችም ከበውታል። ያሳሰበኝ የጌም ቤቱ ነው። ሰፊ ቴሌቪዥን፣ ለስላሳ ወንበር፣ ንጹሕ ወለል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ «ሳይጫወቱ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ። ወንበሩ ለሁለት ተጫዋች ሁለት ነው። ሦስተኛ የለም። በዚያ ላይ ደጅ ሆኖ በመስኮት የሚያይ ልጅ እንዳይኖር መስታወቱ ጥቁር ወረቀት ተለጥፎበታል።

እናንተ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ባለ ጌም ቤቶች፣ ሂሳባችሁን አልነካም፤ ተሸናፊ ይክፈል፣ የሰዓቱም ዋጋ ይጨመር። ያን ጽሑፍ ብቻ አውርዱልንና ከኋላ አንድ አግዳሚ ወንበር አስገቡ። ሳንቲም የሌለው ልጅ ይቀመጥበት። መብራት ሲሄድ ትፈልጉታላችሁ።